ሁለት እጅ ሙጫ፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ

መጋቢት 3

ይድረስ ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለምስማር፤

ይህ ሰላምታ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲደርስሽ ትኩስነቱ ሳይበርድ ይድረስሽ። ፈጣሪ ጤናሽን እንደ ጥሩ እንጨት ያድርገው፤ አይጉበጥ፣ አይሰንጠቅ፣ ብልም አይግባው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያመኛል፤ ስወርድ ደግሞ ይተወኛል፤ ስለዚህ መውረድ አብዝቻለሁ።

አሁን ቁጭ በይ። ተቀመጥሽ? ይህን ደብዳቤ የጻፈው ማን ይመስልሻል? ፋርማሲስቱ? አይደለም! ያንቺን ደብዳቤ ሲያነብልኝ፣ የእኔን ሲጽፍልኝ፣ በመሀል በመሀል የራሱን ምክር ሲጨምርብኝ የኖረው ፋርማሲስት ከዛሬ ጀምሮ ከሥራው ተሰናብቷል። ይኸውልሽ እጄ! የማታ ትምህርቱን የመጀመሪያ ዙር ጨርሼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሰባት ነበርን፤ አንዱ ሁልጊዜ ይተኛል፤ ቢሆንም አንደኛ ያው አንደኛ ነው። አስተማሪዋ «እርስዎ ፊደል ሲጽፉ በር የሚገጥሙ ነው የሚመስለኝ» ብላኛለች። ማመስገኗ ነው።

ስለዚህ ስልክ ቀርቷል። ስልክ ላይ ያወራሽው በንኖ ይጠፋል። የጻፍሽልኝን ግን ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ፋርማሲስቱ በመንገዱ ማዶ እንዲሰማኝ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጀልባ ሠርቻለሁ። ሰው የሚጫንባት አይደለችም፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ሞዴል ናት፣ ክንድ ከስንዝር። ጎኗን በመዳፍሽ ብትዳስሺው የዓሣ ሆድ ይመስልሻል። ከኋላዋ፣ ከታች በኩል፣ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላት፤ በቀዳዳዋም ትንሽዬ የቀይ እንጨት ውታፍ አለች። በጀልባ መሥሪያው ግቢ አዲሱ አዳራሽ ሐምሌ መግቢያ ላይ ሲመረቅ፣ በሩ ላይ ባለው የውሃ ገንዳ ትንሳፈፋለች። ሰው ሁሉ ቆሞ ሊያያት ነው! ቫርኒሽ ግን ውሃ ላይ ሲሰነብት ነጭ እየሆነ ይላጣል። አንቺ እዚያ ጀልባ ስትጠግኚ ቀኑን ሙሉ የምትቀቢው ኢፖክሲ የሚሉት ነገር ነው የሚያስፈልገኝ። ትንሽ ላኪልኝ፤ አጠቃቀሙንም ጻፊልኝ። አጭር አድርጊው። እንደ ሕፃን አታስረጂኝ፤ እኔ እንጨት ላይ ነው ያረጀሁት።

አባትሽ ደህና ነው። ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ አንቺም አትጠይቂም።

አጎትሽ፣ አናጺው፣ አሁን ደግሞ ጸሐፊው


መጋቢት 24

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ይህች ወረቀት በመልካም ጤንነትና በደህና ጉልበት ታግኝዎት። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል። እንኳን ደስ አለዎት። ጽሑፍዎ ይነበባል፤ ፊደሎቹ ትንሽ ይገፋፋሉ እንጂ።

ሁለት ጣሳ ልኬያለሁ። ትልቁ ሙጫው ነው፣ ትንሹ ማጠንከሪያው። ጓንትም አለ፤ ለጌጥ አይደለም፣ ያድርጉት። ንጹሕ አልኮል ከፋርማሲው ይግዙ።

አሠራሩ ይህ ነው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፣ አቧራውን ይጥረጉ። ሁለት እጅ ሙጫ፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ። የመጀመሪያውን በትንሽ አልኮል ያቅጥኑት፤ ሲቀጥን እንጨቱ ይጠጣዋል፣ የእንጨቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ከውስጥ ይደፍናል። የመጨረሻው እጅ ግን ወፍራም ይሁን፤ አልኮል አይንካው። አቧራ እንዳያርፍበት ሸፍነው ይተዉት። ይደርቅና እንደ መስታወት ይሆናል።

አጭር ይሁን ስላሉ አሳጥሬዋለሁ። ያልገባዎት ነገር ካለ ግን ፋርማሲስቱን ያስነብቡ። አደራ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ውታፏ የምን እንጨት ናት? ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ ለሞዴል ውታፍ የሚሠሩት?

ወንድምዎ ደህና መሆናቸውን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 19

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ግማሹን እዚሁ አስቀርቼዋለሁ። ጤና ይስጥሽ፤ ለእኔም ይስጠኝ፣ ምክንያቱም ንዴት ሊገድለኝ ነው።

ምንድን ነው የላክሽልኝ? ሙጫ ነው ወይስ እርግማን?

ያልሽውን አንድ በአንድ አደረግሁ። ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ጣቴን በቃሉ ላይ እያሳለፍኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። ሁለት እጅ ሙጫ ብለሻል፤ ሁለት እጅ ቀባሁ። የመጀመሪያውን በአልኮል አቀጠንኩት፤ እንጨቷ ጭልጥ አድርጋ ስትጠጣው በዓይኔ አይቻለሁ፣ እስከዚህ ድረስ አመስግኜሻለሁ። ሁለተኛውን ሳላቀጥን ደረብኩ። አንድ እጅ ማጠንከሪያ ብለሻል፤ በላዩ ላይ አንድ እጅ ማጠንከሪያ ቀባሁበት። የመጨረሻው እጅ ወፍራም ይሁን ስላልሽም ማጠንከሪያውን ሳልቆጥብ ለደፍኩት። ሽታው! የበሰበሰ ዓሣ ከነቤተሰቡ ጓዳዬ የገባ ነው የመሰለኝ።

ሸፍነው ብለሻል፤ በጋዜጣ ሸፈንኩ። ይደርቃል ብለሻል፤ ጠበቅሁ። ይኸው እየጠበቅሁ ነው! እንደ ማር ነው የሚያጣብቀው። ጋዜጣውን ብስበው ተቀደደ፤ ግማሹ ጀልባዋ ላይ ቀረ። አሁን በግራ ጎኗ «ታላቅ ቅናሽ» ትላለች፤ በቀኟ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ አለ። ፊደሉ ተገልብጦ ነው የተጣበቀው፤ ለእኔ ግን ምን ያቅተኛል፣ ተገልብጦም አነበብኩት። ድመቷ ደግሞ ታካ አለፈች። አሁን ጀልባዋ ፀጉር አላት፤ ድመቷ የላትም።

ሰው እንዳያያት ጓዳ ቆልፌባታለሁ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ነው የምተኛው።

እውነቱን ንገሪኝ። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የላክሽልኝ፤ አይደለም? እናንተ ዘንድ አልደርቅ ያለ ሁሉ እኛ ዘንድ ይደርቃል ያለሽ ማን ነው? አዲስ ጣሳ በአስቸኳይ ላኪ። ምረቃው እየደረሰ ነው።

ውታፏ ውታፍ ናት። ምን አስጠየቀሽ?

የተበሳጨው አጎትሽ


ሚያዝያ 30

ጋሼ፤

ሰላምታው ይቆየን፤ መጨረሻ ላይ ከተረፈኝ እጽፈዋለሁ።

ደብዳቤዎን የከፈትኩት ሥራ ቦታ ቆሜ ነው። «ማጠንከሪያውን ሳልቆጥብ ለደፍኩት» የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የምትሠራው ሴት «ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለችኝ። «ጀልባ» አልኳት።

እጅ ማለት ስፍር ነው ጋሼ! ስፍር! በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ስፍር ሙጫ፣ አንድ ስፍር ማጠንከሪያ፣ አንድ ላይ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ አሁንም ይማሰላል፣ ከዚያ ይቀባል። አልኮሉም እዚያው ድብልቁ ውስጥ ነው የሚገባው። ማጠንከሪያ ቀለም አይደለም! ማጠንከሪያው ሙጫው ውስጥ ገብቶ ካልተዋሐደ ሙጫው እስከ ዕለተ ምጽአት አይደርቅም። ዕቃው ጊዜው አላለፈበትም። እኔ ከዚያው በርሜል ቀድቼ ትናንት ሠርቼበታለሁ፤ ዛሬ በመዶሻ ብመታው አይሰበርም።

ልደውል ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። ስልክ ላይ እጮሃለሁ። ወረቀት ላይ ስጮህ ቢያንስ ማንበብ ይለማመዳሉ።

ፋርማሲስቱን ያስነብቡ አላልኩም? አደራ አላልኩም? ሰውየው ቀኑን ሙሉ መድኃኒት የሚሰፍር ሰው ነው! አንዴ ዓይኑን ቢጥልበት ይበቃ ነበር። ግን የለም፤ ጋሼ ከሰባት ሰው አንደኛ ወጥተዋል።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። ጀልባዋን የሠራት ማን ነው?

የራስዎን ጀልባ ከማን ዓይን ነው ጓዳ ቆልፈው የሚደብቁት? እርስዎ በር ይሠራሉ፣ ቁም ሣጥን ይሠራሉ፣ ጥሩ አድርገው ይሠራሉ። የዓሣ ሆድ የመሰለ ጎን ግን በዕድሜዎ ልገው አያውቁም። መጫወቻ ለምታህል ሞዴል እውነተኛ ውታፍ የሚያበጅ፣ ያውም ከቀይ እንጨት፣ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ወለሉ ላይ የወደቁበትን ውታፎች እየለቀምኩ ኪሴ እከት ነበር። ያው ሰው ነው በጀልባ መሥሪያው ግቢ፣ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት መላጊያውን ከእጄ ነጥቆ «ያንቺ እጅ እኔ እንጨት ላይ አያርፍም» ያለኝ። እርስዎም እዚያው ነበሩ። የበር ማጠፊያ ይዘው ጣራ ጣራ ያዩ ነበር።

ዋሽተውኛል። የወንድምዎ ጀልባ መሆኗን ባውቅ አልልክም ነበር እንዳይመስልዎ። ባውቅ ኖሮ ሁለት ገጽ እጽፍ ነበር! እያንዳንዷን ነገር፣ ብሩሹ በየት በኩል እንደሚሳብ ሳይቀር! ያሳጠርኩት የእርስዎ ቁም ሣጥን ነገር መስሎኝ ነው።

አሁን የማዝዎትን ያድርጉ። በብርጭቆ ወረቀት አይንኩት፤ ወረቀቱ ይዘጋል፣ እንጨቱም ይቆሽሻል። ጠርዙ ያልተሳለ መፋቂያ ይውሰዱ። በፀጉር ማድረቂያ ጥቂት ጥቂት እያሞቁ የሚያጣብቀውን ሁሉ በእንጨቱ መስመር ይፋቁት። የቀረውን አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ሲጨማለቅ ይጣሉትና ሌላ ይያዙ። መስኮት ይክፈቱ። ጓንት! እጅዎን ከነካዎት በሳሙና እንጂ በአልኮል አይታጠቡ፤ አልኮሉ ሙጫውን ቆዳዎ ውስጥ ያስገባዋል። እንጨቱ ውስጥ የሰረገው ይወጣል ብዬ አልዋሽዎትም። በኋላ የሚቀባው ትክክለኛ ድብልቅ ይዞ ያስቀረዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

አዲስ ጣሳ አልልክም። ሙጫው ከማን እንደመጣ መጀመሪያ ለወንድምዎ ይንገሯቸው። ካልነገሯቸው ጠብታ አያገኙም።

ሰላምታ አልተረፈኝም።


ግንቦት 14

ይድረስ ለዚያች ለማትታጠፍ ምስማር፤

አንቺ ሰላምታ ባይተርፍሽ እኔ ጋ ሞልቷል፤ ያውልሽ፣ ከነቁጣው ውሰጂው። ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ገና የምነግርሽ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ስለ እጅ እንነጋገር። እጅ ስፍር ነው ብለሽ ጮኽሽብኝ። እሺ። ታዲያ በዚያው ደብዳቤ፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ «የመጨረሻው እጅ ወፍራም ይሁን» ያለው ማን ነው? ፋርማሲስቱ ነው? ይኸኛውስ እጅ ስፍር ነው? ይኸኛው ቅብ ነው! በአንዲት ገጽ ላይ አንዱ እጅ ሌላ፣ ሌላው እጅ ሌላ! ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሁለት እጅ ቀለም፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ስል የኖርኩ ሰው ምን ላድርግ? እጅሽን ቆጥሬ ልያዝ?

ነገሩን የማታ ትምህርት ቤት ወስጄዋለሁ። አስተማሪዋ «እጅ» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ቀለም ቀቢው ተነሥቶ «ቅብ ነው» አለ፤ ሰማሽ? የሆቴል አብሳይዋ «ስፍር ነው፣ ይህን የማያውቅ ምን ይበላል?» አለች። ተያያዙ። ያ ሁልጊዜ የሚተኛው ነቅቶ «እጅ እጅ ነው» አለና መልሶ ተኛ። አሁን ቃሉ ራሱ እጅ እጅ ብሎኛል።

አዎ፣ ጀልባዋ የአባትሽ ናት። ዋሸሁሽ። እውነቱን ብነግርሽ ጣሳውን ወንዝ ትጥይዋለሽ ብዬ ፈራሁ። እሱንም ዋሸሁት፤ ሙጫውን ከሱቅ ገዛሁት አልኩት። ለሁለታችሁም እኩል ነው የዋሸሁት፤ አላዳላሁም።

እንዴት እጄ እንደገባች ልንገርሽ። አባትሽ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በጋውን ሙሉ እሷን ላገ፤ የመጨረሻዋን ጎን ሲጨርስ መሮው ሁለቴ ከእጁ ወደቀ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጎን አይወጣውም፤ እሱም ያውቃል፣ ግቢውም ያውቃል። ብሩሽ አልይዝ ሲለው አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣትና «ቀባት» አለኝ። ይህችው ናት። የሌላ ሰው ጀልባ ብታበላሺ ሌላ ትሠሪለታለሽ፤ ይህችን ማን ይሠራታል?

ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት፣ ለመንገር ቃል እየመረጥኩ ሳለ፣ ሽታው ጠራው መሰለኝ መጣ። «ጓዳውን ክፈት» አለኝ። «ቁልፉ ጠፍቷል» አልኩት። አንገቴ ላይ ያለውን ክር ሳበው። ገባ። አያት። እጁን ዘረጋና መዳፉን ጎኗ ላይ አሳረፈ፤ እዚያው ተጣበቀ። እጅ ከፍንጅ ሲባል የሰማሁት ስለ ሌባ ነበር፤ ይኸው በዓይኔ አየሁት፣ የተያዘው ግን ባለቤቱ ነው!

የጮኸውን ጩኸት አልጽፈውም፤ አስተማሪዋ እንዲህ ያለ ቃል አላስተማረችንም። «ከማን አመጣኸው?» አለ። ነገርኩት። ስምሽን ጠርቼ ነገርኩት። ደብዳቤሽን ቀማኝ፤ ሁለቱንም። ቁሞ አነበበ። አንቺ መጥተሽ አንዴ ብትሰድቢው ይሻል ነበር፤ ያችን መላጊያ የነጠቀበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበባት።

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሷ በትክክል ነው የጻፈችው። ደንቆሮው አንተ ነህ!»

ተመልከቺ! ስንት ዓመት ሙሉ ስምሽ ሲነሣ ከክፍል የሚወጣ ሰው፣ ዛሬ ካንቺ ጋር ወግኖ እኔን ይሰድበኛል! ላንተ ስል አይደል የተዋረድኩት አልኩት። «ጨርቅ አምጣ» አለኝ።

እሱ ይፍቃል፣ እኔ በአልኮል እጠርጋለሁ። ለመፋቅ የእጁ መንቀጥቀጥ አያግደውም፤ እንዲያውም ከእኔ ይፈጥናል። «ታላቅ ቅናሽ»ን አነሣናት። የጠፋውን ሰው ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ፋቀው፤ ለምን እንዳቆየው አልጠየቅሁትም። የድመቷ ፀጉር ግን ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ አሁንም አላለቀም።

ስንጨርስ እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ። «ቀጭኑን አንተ ቀባ። ወፍራሙን እጅ እሷ መጥታ ትቀባው። አለበለዚያ ውሃ አትነካም።»

ጣሳውን ላኪ። ከተቻለ ራስሽን አብረሽ ላኪ።

በሁለት ወገን የሚሰደበው አጎትሽ


ሰኔ 2

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታ አለኝ፤ ለእርስዎ ብቻ ነው።

«መጥታ ትቀባው።» ትእዛዝ ነው ይሄ? አፍ የላቸውም? ደብዳቤዬን ቁመው ማንበብ የቻሉ ሰው ወረቀት አንሥተው አንድ መስመር መጻፍ አቃታቸው? እጃቸው ይንቀጠቀጣል አይበሉኝ። የተንቀጠቀጠ ጽሑፍ እኔ ማንበብ አያቅተኝም፤ የእርስዎንስ እያነበብኩ አይደል?

በሰው ሁሉ ፊት «እጅሽ አያርፍም» ተብዬ ወጣሁ። አሁን በጓዳ በኩል፣ በመልእክተኛ፣ እጄ ሲፈለግ ሮጬ እመጣለሁ? አልመጣም።

እጅን በተመለከተ ግን እርስዎ ትክክል ነዎት። ደብዳቤዬን በሐሳቤ መልሼ አየሁት፤ ሁለቱንም እጅ ብያለሁ። ተናድጄ ነው ይህን የምጽፈው፣ ግን ልክ ነዎት።

ጣሳዎቹን ልኬያለሁ። ከዚህ በታች እጅ የሚል ቃል የለም፤ ስፍርና ቅብ ብቻ ነው። ቢፈልጉ ይቁጠሩት።

ሦስት መስመር ያለባቸው ኩባያዎች አብረው አሉ። እስከ ሁለተኛው መስመር ሙጫ፣ ከዚያ እስከ ሦስተኛው ማጠንከሪያ። ቀስ ብለው ያማስሉ፤ ከዳርም ከሥርም። በኃይል ከመቱት አረፋ ይገባበታል። በአንድ ጊዜ ብዙ አይደባልቁ፤ ኩባያው ውስጥ ሲከማች ይግላል፣ ያጨሳል፣ ይደርቅብዎታል።

አልኮሉን በዚህኛው ይተዉት። ያቀጥናል፣ ግን ያለልክ ከገባ ሙጫውን ያደክመዋል፤ የእርስዎን ልክ ደግሞ አይቻለሁ። በእሱ ፋንታ የሙጫውን ጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኑን ያጥብቁ። ሙቀት ራሱ ያቀጥነዋል። እንጨቷንም ትንሽ ያሙቋት። በሞቀው ድብልቅ የመጀመሪያውን ቅብ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ትጠጣዋለች። ሲሞቅ ቶሎ ስለሚይዝ ፈጠን ይበሉ። ሲደርቅ በውሃ ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ያሻክሩት።

ወፍራሙን ቅብ ወንድምዎ ይቀቡት። አዎ፣ እሳቸው። መንቀጥቀጥ ሰበብ አይሆናቸውም። ይህ ሙጫ ወፈር ብሎ ሲቀባ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ ብሩሹ የተወውን ዱካ ሁሉ ይሞላዋል፣ ይተኛል። በምን ዓይነት እጅ እንደተቀባ ማንም አያውቅም። (አንድ «እጅ» አመለጠችኝ፤ ይህችኛዋ የሰው ናት።)

እኔ የምልክላቸው ይህን ነው። ራሴን አልልክም።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 5

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ፈጣሪ ላንቺ ትዕግሥት ይስጥሽ፤ እኔ ጋ የነበረው አልቋል። ለአባትሽ የሚሰጠው ካለ እዚያው ይያዘው፤ ቢሰጠውም አይቀበልም።

ደብዳቤሽን ለፋርማሲስቱ አስነበብኩ። አዎ! ሄጄ አስነበብኩት። አንዴ እሱ አነበበ፣ አንዴ እኔ፤ እኔ ፈጠንኩ። ኩባያውን ግን እሱ ይዞ እንዲሰፍር ፈቀድኩለት፤ መቼም ሥራው ነው።

ቀጭኑ ቅብ ተቀባ፣ ደረቀ፤ እውነትም በጥፍር ቢነኩት የማይበገር ሆነ። ከዚያ ወፍራሙን አባትሽ እንዲቀባ ነገርኩት። «እሷ ትምጣ አላልኩም?» አለ። አትመጣም አልኩት። ያቺን የመልስሽን ገጽ ሰጠሁት። አነበበና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ብሩሹን አነሣ። በየስበቱ ይራገማል፤ አንቺን፣ እኔን፣ ብሩሹን፣ ጣሳው የመጣበትን አገር። የብሩሹ ዱካ ጎኗ ላይ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ተንቀጥቅጦ ቀረ። «አየህ? አየህ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔ ያንቀጠቀጥኩት ይመስል። እየጮኸ ሳለ ዱካው ዓይናችን እያየ ላላ፣ ተዘረጋ፣ ተኛ፣ ጠፋ። መስታወት!

አባትሽ ብሩሹን አየር ላይ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ የባሰ ተናደደ። «ይህን ማን አስተማራት?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? «እኔ ነበርኩ ማስተማር የነበረብኝ!» ብሎ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ወረወረው።

አሁን ስሚ፤ ንዴቴ እዚህ ጋ ነው። ጀልባዋን ሙሉ በሙሉ ቀባትና ከታች፣ ውታፏ ዙሪያ፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ከነበረው ቅብ ጭምር ፍቆ ባዶ እንጨት አወጣት! ውታፏንም ነቅሎ መልሶ ሳያጠብቅ ሰካት። ረሳህ አልኩት። «አልረሳሁም» አለኝ። ብሩሽ ይዤ ስጠጋ «እጅህን ሰብስብ!» ብሎ ጓንቴን መታኝ። እኔ አጎትሽ፣ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ሰው፣ በዚህ ዕድሜዬ እጄን ተመታሁ!

እንደዚያው ወደ ምረቃው ወሰዳት። ውሃ አትነካም ብሎ የነበረው ሰው ነው! ገንዳው ላይ አስቀመጣት። ቆንጆ ነበረች፤ የአዳራሹ መስኮት ሁሉ ጎኗ ላይ ይታያል። የግቢው አለቃ ንግግር ጀመረ። «ጥራት» ሲል ጀልባዋ ወደ ኋላ መቀመጥ ጀመረች። «ዘላቂነት» ሲል ኋላዋ ውሃ ገባ። ሰው ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ ለዚህች አንዲት ቀን አይደል የተሰደብኩት? አባትሽ ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ከነጫማው ገንዳው ውስጥ ገባና ብብቱ ሥር ሸጉጧት ወጣ፤ እሱም ይንጠባጠባል፣ እሷም ትንጠባጠባለች።

አለቃው «ምን ሆነች?» አለው።

«አላለቀችም» አለ።

«ምረቃው ዛሬ እኮ ነው! መቼ ነው የምታልቀው?»

«የምትጨርሳት ስትመጣ።»

በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት ነው ያለው፤ ያኔም የነበሩ አሉበት። አንዱ «ማን ናት እሷ?» ሲለው ስምሽን ጠራ። ጮክ ብሎ፣ ተቆጥቶ፣ ሰውየውን የሚሰድበው ይመስል።

አሁን ጀልባዋ መስኮቴ ላይ ተደፍታ ትደርቃለች። ሰው መሳቂያ አደረገን። እንጨቷ በዚያች በአውራ ጣት ቦታ ውሃ ጠጥታለች፤ ከቆየች ታብጣለች፣ ካበጠች ትሰነጠቃለች፤ ያ ሁሉ ጎን አብሮ ይሄዳል። ቅባው ብለው አይቀባም፤ ልቅባው ብለው ይመታኛል። እኔ ከእናንተ መሀል ወጥቻለሁ። ጽሑፍ የተማርኩት የሁለት እልኸኞችን ስድብ ለማመላለስ አልነበረም።

አጎትሽ


ሐምሌ 16

ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ቸኩያለሁ፤ አጭር ነው። ግን ይህን አጭር ደብዳቤ ፋርማሲስቱንም ያስነብቡ።

ጀልባዋን ፀሐይ ላይ እንዳያደርጓት፣ ትሰነጠቃለች። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኛት ቦታ፣ ሆዷን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጧት። ውታፏን ያውጡና ለብቻዋ ያድርቋት። እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ አይዝም፤ ስለዚህ እስክደርስ ማንም አይንካት፣ እርስዎም፣ ፋርማሲስቱም፣ ድመቷም። የተረፉትን ጣሳዎች ክዳናቸውን አጥብቀው ያቆዩልኝ። ብሩሹ ጣሳው ውስጥ ከተወረወረ ደርቋል፤ የራሴን ይዤ እመጣለሁ።

ፈቃድ አግኝቻለሁ። ወር ሳይሞላ እደርሳለሁ።

ወንድምዎን ንዴቴን ትቼ የምመጣ እንዳይመስላቸው፤ ከሁሉ በፊት የያዝኩት እሱን ነው። ያቺን የአውራ ጣት ቦታ ለመቀባት አፍታ አይፈጅብኝም፤ ከዚያ በኋላ የምጮኸው ግን ረጅም ነው። መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ።

አባቴ ከጠየቀዎት ለጀልባዋ ብላ ብቻ ነው የምትመጣው ይበሉት። መዋሸት መቼም እርስዎ ያውቁበታል።

ምስማር